ከፈተናው በኋላ

አስካለማርያም የእናቷን የደም ግፊት ለክታ መሣሪያውን ስትጠቀልል፣ ከኋላዋ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ስለ እሷ ሲንሾካሾኩ ሰማች። አንዷ ዶክተሯ ልጅ ይቺ ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላዋ አዎ ይቺው ናት፣ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗ አልረጠበም፣ ሬሳ ለምዳ ይሆናል አለች። ሦስተኛዋ የተማረ ሰው ሐዘኑ በሆዱ ነው ብላ ልትሸፍንላት ሞከረች። አስካለማርያም አልተቀየመችም። እሷም ከመጣች ጀምሮ ራሷን የምትጠይቀው ይኼንኑ ነበር።

ድንኳኑ ድሬዳዋ ሳቢያን ሠፈር፣ በታላቅ ወንድሟ በይሳቅ ደጅ ላይ ሲተከል ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው አባቷ ሽመክት የተቀበረ ዕለት ተተክሎ፣ ሰልስቱ ሲያልፍ ተነቅሎ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ተመልሶ ነበር። ሩቅ ያለ ልጅ ሲመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራልና፣ እድርተኛው በዚያ ሙቀት ብረቱንም ሸራውንም ተሸክሞ ተመለሰ። ንፍሮው እንደገና ተቀቀለ። ጎረቤቱም ያን ሰሞን ያለቀሰውን ሊደግምላት ተሰበሰበ። ሰዉ የበኩሉን አድርጓል፤ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾላታል፣ በየተራ እያቀፈ ነቅንቋታል። የቀረው የእሷ ድርሻ ብቻ ነበር፤ እሱ እምቢ አለ።

አስካለማርያምን አንድ ነገር አቃታት ቢባል በዚህ ከተማ የሚያምን አይገኝም። ፊደል ከቆጠረችበት ቀን ጀምሮ አንደኛ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ በወጣ ሰሞን ስሟን የማያውቅ አልነበረም፤ አባቷም ከዚያ ወዲያ ሽመክት መባሉ ቀርቶ የአስካለ አባት ሆኖ ኖረ። ሕክምና ተማረች። ቀጥላ በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ልታደርግ ገባች። ያሁኑም መርዶ የመጣባት የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ከአዳራሹ ወጥታ፣ በደስታ ለቤት ስትደውል ነው። ስልኩን ያነሳው ይሳቅ ነበር። ፈተናው እንዴት ነበር አላት፤ ጥሩ ነው አለችው። እንኳን ደስ አለሽ አላት። ከዚያ፣ እማዬን ትንሽ አሟታልና ብትመጪ አለ። ድሬዳዋ ከአውሮፕላን ወርዳ ስትወጣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የእድር ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሽማግሌ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሻንጣ ሊቀበል አይመጣም። ማን ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ መቼ ብቻ አለች።

አባቷ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።

አዲስ አበባ አብሯት የሚሠራ ሲሞን የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። አንድ ቀን ያለ ክኒን እንቅልፍ እንደማይወስዳት ከራሷ ሰምቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀስሽው መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። እንደ ፈተና ጥያቄ አሰበችበት። መልሱን ስታጣው ደነገጠች፤ ጥያቄ ባዶ ትታ መውጣት አልለመደባትም። ሲሞን ሐዘን የታጎረበትን ቤት ዘግተሽ ብታቆዪውም አንድ ቀን ገብተሽ ማጽዳትሽ አይቀርም፣ ነይና ቁጭ ብለን እናውራ፣ ይሻልሻል አላት። እሷም እሺ፣ ከፈተናው በኋላ አለችው።

ይቺን "ከፈተናው በኋላ" የምትባል ነገር ያስተማራት አባቷ ነው።

ሽመክት የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ጆሮው የሚገባው ጩኸት ለአንድ ሠፈር ይበቃል። ማታ ከዚራ ሠፈር ካለው ቤቱ ሲደርስ ግን ጫማውን ደጅ አውልቆ በእግሩ ጣቶች ነበር የሚገባው፤ ልጁ እያጠናች ነዋ። ራዲዮ አይከፈትም። እንግዳ አይበዛም። ሣህን ያጋጨ ሰው ወዮለት። ጎረቤት ሠርግ ሲኖር ሄዶ ሙዚቃውን ቀንሱልኝ ብሎ ይለምናል፤ ሙሽራውን ሳይቀር ይለምናል። ይሳቅ ግቢ ውስጥ ኳስ በማንጠሩ የቀመሰውን ኩርኩም እስከ ዛሬ እየሣቀ ያወራዋል። ሽመክት ክፉ ሰው አልነበረም። ለልጁ የሚሰጣት ሌላ ነገር ስላልነበረው ጸጥታ ሰጣት፤ ያለውን ሁሉ ነው የሰጣት።

ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ የሚኒስትሪ ፈተና ሊሰጥ ሲል፣ አብራቸው ትኖር የነበረችው የአባቷ እናት ሞተች። ለአስካለማርያም አልተነገራትም። አያትሽ ጠበል ሄዳለች፣ እዚህ የዘመድ ሠርግ ስላለ ይረብሽሻል ተባለችና ሠፈሩ አዴ፣ እማማ እንደማለት፣ እያለ የሚጠራት ጎረቤታቸው ናዲፋ ቤት እንድታጠና ተላከች። አባቷ የእናቱን ሬሳ ቤት አስቀምጦ ከመኪና የውስጥ ጎማ ረዣዥም ቁራጭ ቀዶ አመጣ፤ የናዲፋን የጓዳ በር ዙሪያውን በሚስማር መታበት። በሩ ሲዘጋ ከውጭ ምንም አይሰማም። ልጅቱ እዚያ ውስጥ ሆና ጂኦግራፊዋን ስትሸመድድ፣ ከአጥሩ ወዲያ አያቷ ተለቀሰላት፣ ወጣች፣ ተቀበረች። ፈተናው ያለቀ ቀን አባቷ አቅፎ ከመሬት አነሣት። ከዚያ አስቀመጣትና ነገራት። ሁሉም ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ሰው ሁሉ አልቅሶ በጨረሰበት ቤት ብቻዋን ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም። ነገ አለቅሳለሁ አለች በልቧ። ነገ ሌላ ነገር መጣ። ውጤቱ ሲነገር ከከተማው አንደኛ ወጣች፤ ሽመክትም ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ አያችሁ አላቸው። ክፉው ነገር ይኼ ነው። ባትሳካላት ኖሮ ማንም ሁለተኛ አይሞክረውም ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው የኪዳነ ምሕረት ነው። የይሳቅ ልጅ ናት፤ ሁሉም ኪዳን ነው የሚሏት። አባትና እናቷ ሲለያዩ ገና ሕፃን ነበረችና ከዚራ አያቷ ቤት፣ አያቷ ጉልበት ላይ አደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከትምህርት ቤቷ የሚወዳደራት የለም። ሽመክት ልቡ ደክሞ መተንፈስ ሲያቅተው ትእዛዙን የሰጠው ራሱ ነበር። እሱ ሳቢያን ይሳቅ ቤት ሄዶ እንዲተኛ፣ ኪዳን አዴ ናዲፋ ዘንድ እያደረች እንድታጠና፤ ለኪዳን አያቶችሽ አዲስ አበባ አክስትሽ ጋ ለሕክምና ሄደዋል እንዲባል፣ ለአስካለማርያም ደግሞ ሁሉም ደህና ነው እንዲባል። እንዲህ ሁለቱም ልጆች ለየፈተናቸው እንዳቀረቀሩ ሰውየው በመሀል ሞተ። ድንኳኑ ከዚራ ያልተተከለውም ለዚሁ ነበር። ዐብዲገኒ የሚባለው የሠፈሩ ባጃጅ ነጂ ከመንገዱ ጥግ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ሳያውቅ ወደ ድሮው ቤት ለለቅሶ የሚመጣውን ሰው አፉን ሳይከፍት እየያዘ ወደ ሳቢያን ይመልሳል። የለቅሶ ትራፊክ ሆኗል እያለ ሠፈሩ ይቀልድበታል፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አስካለማርያም በመጣች ማግስት እናቷ ማዘንጊያ ስልክ አስያዘቻት። ኪዳን ካንቺ ካልሰማች ትጠረጥራለች፣ ደውዪላት አለቻት። ደወለች። አባባ ተኝቷል፣ ሲነቃ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ብቻ በርቺ አለቻት። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች እስክትጨርስ ድረስ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቋት፤ ስልኩ ሲዘጋ ካቆሙበት ቀጠሉ። ድምፅዋ አንዴ እንኳ አልተሰበረም። ያኔ ነው አስካለማርያም ራሷን የፈራችው።

ነገ ጠዋት ኪዳን ፈተናው ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ከገባች ስትወጣ የምትመለሰው ሰው አልቅሶ ወደጨረሰበት ቤት ነው፤ ልክ እንደ አክስቷ። አስካለማርያም ዛሬውኑ ሄዳ ልትነግራት ወሰነች። ልጅቷን ይዛት ወጥታ፣ ሰው መሀል ቆመው አብረው ሊጮኹ። ከልጅቷ ጋር ከሆነ የእሷም ይመጣ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ ያላት ተስፋ ይቺው ነበረች።

ይሳቅን ከቤቱ ጀርባ የውኃ ሮቶው ጥላ ሥር አገኘችው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከሚሠራበት ፋብሪካ የወሰደው ፈቃድ አልቆበት ለሥራ ለብሷል። ስትነግረው ይቃወመኛል ብላ ነበር። እሱ ግን አልተቃወመም።

"የመጨረሻው ቀን አባዬ ሁለታችሁንም ጠርቷል" አለ። "ጥሩልኝ አለ። ፈተና ላይ ናቸው አልነው። ይሁን፣ ጥሩልኝ አለ።"

"ታዲያስ?"

"እማዬ እየቃዠ ነው አለች። ላንቺ መደወሉን ፈራነው። ኪዳንን ግን ላመጣት ባጃጅ ይዤ ከዚራ ሄድኩ። በመስኮት አየኋት፤ አቀርቅራ፣ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። ቁርጥ አንቺን። በሩን መክፈት አቃተኝ፣ አስኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምታጠና ልጅ በር እንዳልከፍት ስገረፍ ነው የኖርኩት። ሳልነግራት ተመለስኩ። ስደርስ አልቆ ነበር።"

ይሳቅ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። "እኔ ያው ሰነፉ ነኝ" አለ ሊሥቅ እየሞከረ፣ "እንባ ሞልቶኛል።" አስካለማርያም ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲነሣ ተሰማት። መጣ ብላ ጠበቀችው። ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ጥሩልኝ ብሎ ሞተ፤ ይኼን ሰምታ ቆማ መተንፈሷ አስጠላት።

ስትወጣ እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። ማዘንጊያ ከሴቶቹ መሀል ሳትነሣ፣ እሱ የለፋበትን አታፍርሺ ልጄ፣ ትንሽ ቀን ነው የቀራት፣ ከፈተናው በኋላ ይደርሳል አለቻት። አስካለማርያም ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመችና እጇን ቀስ አድርጋ ከቀሚሷ ላይ አላቀቀች።

ወደ ከዚራ የወሰዳት ዐብዲገኒ ነው። ከኒሙ ሥር ጠርተውት መጣ። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በድልድዩ ሲሻገሩ በመስታወቱ አያት። "ዶክተር፣ ወላሂ ደክሞኛል" አላት። "ሰው እንዳያለቅስ መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው አቦ። ትናንት አንዱን ሽማግሌ አፉን በእጄ ያዝኩት። የሞተው ወንድሜ ነው እኮ አለኝ። አፈርኩ።" ዛሬ እንደሚያበቃ ልትነግረው ፈለገችና ተወችው።

አዴ ናዲፋ በሩን ከፍታ አየቻት፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ያለ ድምፅ አለቀሰች። የአሥራ ምናምን ቀን ለቅሶ ነው፤ በዚህ ቤት ድምፅ ማውጣት ክልክል ሆኖ ተጠራቅሟል። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን አብሳ ተቆጣች።

"እኛ ዘንድ ሰው የሞተ ዕለት ይቀበራል፣ የሞተ ዕለት ይለቀሳል" አለች። "እናንተ ለእንባም ቀጠሮ ትይዛላችሁ። እኔን በየቀኑ አስዋሻችሁኝ። አያቴ ደወለ ወይ ትለኛለች፤ ተኝቷል እላታለሁ። አላህ ይጠይቀኛል እኮ።"

"ልነግራት ነው የመጣሁት፣ አዴ።"

"አብሽሪ ግቢ በቃ" አለች ናዲፋ፣ ቁጣው ባንዴ ከላይዋ ወርዶ።

በሩ ያው በር ነው። አባቷ የመታው ጎማ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከላይና ከጎን ግን አለ። ከታች ያለው ቁራጭ ተበልቶ አልቋል። አስካለማርያም ሚስማሮቹን በጣቷ ነካቻቸው። እኩል በእኩል ርቀት ነው የተመቱት፤ እናቱ በሞተችበት ቀን እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ኪዳን ከጠረጴዛው ቀና አለች። ቀጭን ልጅ ናት፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አክስቷን ከነጥቁር ልብሷ፣ ከነጥቁር ነጠላዋ አየቻት። ተነሥታ ሳመቻት፤ ወንበሩን ለቀቀችላትና ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አስካለማርያም ለበሽተኛ ቤተሰቦች ስንት ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ተናግራለች። ከየት እንደሚጀመር፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። አሁን ግን የመጣላት የልጅቷ ስም ብቻ ነበር።

"ኪዳን፣ አባባ…"

"አውቃለሁ" አለች ልጅቷ።

"ማን ነገረሽ?"

"አንድ ቀን አባቴ መጥቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። የሥራ ሰዓቱ ነበር። መስታወቱ ላይ አየሁት፤ ያላየሁት መሰልኩ። ቆሞ ቆሞ ሳይገባ ሄደ። አባባ ድኖ ቢሆን ይገባ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"እንዳላውቅ ብለው ብዙ ደከሙ" አለች ኪዳን። "ዐብዲገኒ ራሱ ፀሐይ ላይ ሲቆም ነው የሚውለው። ደስ ይበላቸው ብዬ ነው። ስትደውዪልኝም አባባን ሰላም በዪልኝ ያልኩሽ ለዚያ ነው።"

ኪዳን ጥሩ ዋሸሽ አላለቻትም፤ ግን ሁለቱም ያን ስልክ አስታወሱት። አስካለማርያም ወደ አልጋው ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። የልጅቷን እጅ ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሙቀት። ሳታስበው የደም ሥሯን ትርታ መቁጠር ጀምራ ኖሮ አፈረችና ተወችው።

"ነይ እንሂድ" አለቻት። "ሳቢያን እንሂድ፣ አልቅሺ። ፈተናው ይቅር። በሚቀጥለው ዓመት አለ።"

ኪዳን ራሷን ነቀነቀች። "ከፈተናው በኋላ አለቅሳለሁ። አሁን ከጀመርኩ አላቆምም። አባባ ቀርቶብኝ ፈተናውም ከቀረብኝ…" አልጨረሰችውም። አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። "አክስቴ፣ አባባ ሁሌ ያወራኝ ነበር። እናቱ ሲሞቱ አንቺም እዚህ ሆነሽ ተፈትነሽ አንደኛ ወጣሽ። ከፈተናው በኋላ ብዙ አለቀስሽ?"

ውሸት በዚህ ቤት ርካሽ ነበር፤ አንዱን አንሥታ ልትሰጣት ትችል ነበር።

"አላለቀስኩም" አለች።

"በኋላስ?"

"በኋላም። እስካሁን አልመጣልኝም። የአባባም አልመጣም። እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት፣ ኪዳንዬ። ካለፈሽ አይመለስም።"

ልጅቷ ለረዥም ጊዜ አየቻት። ፊቷ ላይ ፍርሃት የመሰለ ነገር መጣ፤ አስካለማርያም ያን ስታይ አሁን ነው አለች። ግን ኪዳን ቀስ ብላ እጇን ወሰደች፣ ተነሥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ የገለጠችውን ገጽ አስተካከለች።

"የኔ ይመጣል" አለች። አስካለማርያምም ስምንተኛ ክፍል ሆና እንዲሁ እርግጠኛ ነበረች።

በዚህ መሀል ነው ከአጥሩ ወዲያ ጩኸቱ የተነሣው። ዐብዲገኒ እሷን አድርሶ ገና ወደ ጥጉ ሳይመለስ፣ ከመልካ ጀብዱ የተነሡ የሽመክት የድሮ የባቡር ጓደኞች ከነሚስቶቻቸው ሚኒባስ ሙሉ ሆነው ደርሰዋል። የሚይዛቸው ሰው የለም። በተዘጋው የድሮው ቤት በር ላይ ቆመው፣ ሽመክት ወንድሜ፣ ሽመክት ጓዴ እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ይጮኻሉ። አዴ ናዲፋም ከሳሎን አብራቸው ለቀቀችው፤ ሲፈላ የከረመው ድምፅዋ ግድግዳውን አናወጠው። ዐብዲገኒ ከሩቅ ሳቢያን ነው፣ ሳቢያን ነው እያለ ሲሮጥ ተሰማ። ማን ይሰማዋል።

አስካለማርያም ብድግ አለች። የመጣችበት ነገር በራሱ እግር መጥቶላት ነበር። በሩን ወለል አድርጋ መክፈት፣ ልጅቷን ክንዷን ይዞ ማውጣት፣ ሌላ የሚቀር ነገር አልነበረም። በሩ ጋ ደርሳ እጀታውን ይዛ ዞር አለች።

ኪዳን አቀርቅራለች። ግራ እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። እስክሪብቶው አይሄድም፤ ትከሻዋ ግን አይንቀጠቀጥም። ከዚህ ቀደም ይሳቅ በመስኮት ያያት ጀርባ ነው፤ ሽመክት በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ሲያልፍ ስንት ዓመት ያየው ጀርባ ነው።

"አክስቴ" አለች ልጅቷ ሳትዞር፣ "ስትወጪ ዝጊልኝ።"

አስካለማርያም ወጣችና በሩን ሳበችው። ከላይ ያዘ፣ ከጎንና ከጎን ያዘ። ከታች ግን ጎማው ባለቀበት ክፍተት ብርሃኑ ይታያል፤ ለቅሶውም በዚያው እየገባ ነበር። ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ ጠቀለለችው፤ ተንበርክካም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ በጣቶቿ እየገፋች፣ ምንም እስከማይገባ ድረስ ወተፈችው።